ስልሳ ሦስት ሊትር ውሃ

በሰፈሩ ውስጥ እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና የመሥሪያ ቤቱ ገንዘብ ከፋይ ብቻ ነበሩ። ለሌላው ሰው ሁሉ ጋሽ ሊትር ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሚዛንና መስፈሪያ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ሲሠራ፣ የባለሱቆችን ሚዛን መፈተሽና የነዳጅ ማደያ ማሽኖችን መለካት ነበር እንጀራው። አንገቱ ላይ ቀጭን መስመር የተሰመረበት የሃያ ሊትር ቆርቆሮ ይዞ ማደያ ሲገባ፣ ነዳጅ ቀጂዎቹ ማንም ሳይጠራቸው ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ቤንዚኑ ከመስመሩ በታች ከቀረ ማሽኑን ያሽጋል፤ ከመስመሩ በላይ ከወጣም ያሽጋል። አንዱ የማደያ ባለቤት «ተርፎ ነው እኮ ጋሼ፣ ለሕዝቡ ነው የጠቀምኩት» ቢለው፣ «ቸር መሆን ከፈለግህ በኪስህ ሁን፣ በማሽን አይደለም» ብሎት አሽጎበት ሄደ ይባላል።

ይህ አመሉ ቤት ድረስ ተከትሎት ገብቷል። ሚስቱ ሻይ ስትቀዳለት ብርጭቆውን ከዓይኑ ትይዩ አንስቶ ያያል። እሷም «ጎደለ እንዴ? ላሽግልህ?» ትለዋለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሠላሳ ዓመት በስፌት መኪና ላይ አጎንብሳ የተማሪ ደንብ ልብስ ስትሰፋ ወገቧ ተበላሽቶ፣ አሁን ከግማሽ ቀን በላይ መቀመጥ አትችልም። ምላሷ ግን ምንም አልሆነም።

መኪና የመግዛቱ ነገር የመጣው በእሷ እህት ምክንያት ነው። ታላቅ እህቷ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ሠላሳ ስምንት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ባለ ትንሽ ከተማ ከአንድ የእንጨት መሰንጠቂያ ጎን ትኖራለች። እግሯ ከደጅ አያስወጣትም። በዚህ ላይ ዓይኗ እየደከመ ሄደና ሐኪሙ ቁርጡን ነገራት፤ ብርሃኑ ከዓይኗ መሐል ጀምሮ እየጠፋ ነው፣ ክረምቱ ሳይገባ ሰው መለየት ያቅታታል። ማታ ማታ በስልክ ሲያወሩ እህትየው ስለ ዓይኗ ብዙ አትናገርም። አንድ ቀን ብቻ «አንቺን ሳላይሽ እንዳይጨልምብኝ ነው የምፈራው» አለች። ሚስትየው በማግስቱ ሦስት አውቶቡስ ቀያይራ ሄደች። ስትመለስ አራት ቀን ከአልጋ አልተነሳችም።

ጋሽ ሊትር በአራተኛው ቀን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ «መኪና እገዛለሁ» አለ። ይህን ያለው ከልቡ ነው፤ ማንም ሊጠረጥረው አይገባም። ለዘመናት ያጠራቀማት ገንዘብ አለች፣ ለአሮጌ መኪና ትበቃለች። የሚያሳስበው ከዚያ ወዲያ ያለው ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ጡረታ ይወጣል። ወረቀት ላይ ቢደምረው ቢቀንሰው፣ የጡረታው ገንዘብ በወር ከአርባ ሊትር በላይ አይችልም። ስለዚህ መኪናዋ ማንኛዋም ትሁን፣ ቀለሟ የፈለገውን ይሁን፣ ነዳጅ የማትጠጣ መሆን አለባት። ሚስቱ መኪና እንከራይ ስትለው «የመኪናውን ገንዘብ ለኪራይ አንበትነውም፤ በዚህ ሳምንት እኮ እገዛለሁ» አላት። ይህ ከተባለ ሦስት ወር ሊሞላው ነው።

ደላላውን ብትጠይቁት ስቃዩን ይነግራችሁ ነበር። መጀመሪያ ቀን፣ እንደ ልማዱ፣ «ጋሼ ይቺ መኪና ነዳጅ አትጠጣም፤ ካሸተተች ይበቃታል» አለው።

ጋሽ ሊትር ማስታወሻ ደብተሩን አወጣና «ስንት ሊትር ላስሸትታት?» ብሎ ጠየቀው። ደላላው ከዚያ ወዲህ አፉን መጠንቀቅ ተማረ።

ፈተናው እንዲህ ነው። የመኪናዋ ታንከር እስከ አንገቱ ይሞላል። ከዚያ በከተማው ዙሪያ ባለው ሜዳማ የቀለበት መንገድ ላይ ሁለት ዙር፣ በጠቅላላው አርባ ኪሎ ሜትር፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ መስኮት ተዘግቶ፣ ሬዲዮ ጠፍቶ ይነዳል። ሲመለሱ ታንከሩ በራሱ መስፈሪያ ይሞላል፤ የገባው ሁሉ የተጠጣ ነው። ጋሽ ሊትር ሲነዳ ጫማውን አውልቆ በካልሲ ነው፤ የነዳጁ ፔዳል እንደ ሕፃን ጉንጭ በቀስታ እንጂ አይነካም። ብስክሌት የሚነዱ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ እየቀደሙት ያልፋሉ፤ አንዳንዶቹ ሰላምታም ይሰጡታል።

ከሁሉም በላይ ጭነቱ እኩል መሆን አለበት። መሥሪያ ቤቱ በጨረታ ሲያስወግደው የገዛው የጆንያ መመዘኛ ባስኩላ ግቢው ውስጥ ቆሟል። ቅዳሜ ቅዳሜ ራሱ ይመዘንበታል፣ ሚስቱ ትመዘንበታለች፣ መኪናውን አምኖ የማይሰጠው ባለቤትም አብሮ ስለሚሄድ እሱም እየተሽኮረመመ ይወጣበታል። ድምሩ ሁልጊዜ ሁለት መቶ አሥር ኪሎ እንዲሆን ጉድለቱ በውሃ ጄሪካን ይሞላል። ቀጭን ሻጭ ሲመጣ ጄሪካን ይበዛል። አንድ ጊዜ ዘጠና ስምንት ኪሎ የሚመዝን ጎማ ነጋዴ መጣና ሚስትየው ከሒሳቡ ተርፋ ቤት ቀረች፤ በዚያ ጠዋት እየዘፈነች ልብስ ስትሰፋ ዋለች። በሌላ ቀን ግን ስልሳ ሦስት ኪሎዋን ይዛ የኋላ ወንበር ላይ መቀመጥ ግዴታዋ ነው። አንድ ቅዳሜ ስልሳ አራት ተኩል ሆና ብትገኝ ቦርሳዋንና ጫማዋን አስወልቆ አስቀረባት። «ጸጉሬንስ ልቆረጥ?» ብትለው ትንሽ አሰበበት ብላ ለጎረቤት አውርታለች።

ሰባተኛዋ መኪና በአንድ ሊትር አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ከአራት ሄደች። ሻጩ ደስ ብሎት እጁን ዘረጋ። ጋሽ ሊትር ግን በዚያ ጠዋት ነፋሱ ከኋላ እንደነበረ አስተውሏልና በሚቀጥለው ቅዳሜ ትደገም አለ። ሐሙስ ዕለት አንድ የሙዚቃ አስተማሪ መጥቶ፣ አንዴ ጥሩንባዋን ነፍቶ ይዟት ሄደ። ጋሽ ሊትር ሲሰማ ያዘነው ለሰውየው ነበር። «ምን ያህል እንደምትጠጣ እንኳ አልጠየቀም» አለ።

በአሥራ አንደኛዋ ፈተና ማግስት ስልክ ተደወለ። ሚስትየው ስልኩን ይዛ ረጅም ጊዜ አዳመጠች፤ ስትዘጋው ፊቷ ተለውጧል። እህትየው በዚያ ሳምንት ደጃፏ የመጣችውን የዕድሜ ልክ ጎረቤቷን በድምፅዋ ካልሆነ አላወቀቻትም። የተረፈው የዓይን ጠርዝ ብቻ ነው። ለባሏ ነገረችው፤ እሱም ራሱን እየነቀነቀ ሰማና በዚህ ቅዳሜ የአንድ ዳቦ ጋጋሪ መኪና እንደሚፈትኑ፣ ደህና ከሆነች በዚያው እንደምትገዛ አረጋገጠላት። እንዲህ ዓይነቱን ማረጋገጫ ከአሥር ጊዜ በላይ ሰምታዋለች።

ቅዳሜ ጠዋት ዳቦ ጋጋሪው መጣ። ወጣት ነው፣ ቅንድቡ ላይ ሳይቀር ዱቄት አለበት፤ መኪናዋም ነጭ ሆና ውስጧ ዳቦ ዳቦ ይሸታል። ደላላው አስቀድሞ አስጠንቅቆታልና ሳይጠየቅ ባስኩላው ላይ ወጣ። ሰባ ስድስት ኪሎ፤ ያለ አንድ ጠብታ ውሃ ድምሩን የሚሞላ ሰው። ጋሽ ሊትር እንዲህ ያለ ሻጭ አይቶ ስለማያውቅ ፊቱ በራ።

ሚስትየው ግን ወደ ባስኩላው አልመጣችም። ዣንጥላዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«እኔ ዛሬ ወደ እህቴ ነው የምሄደው» አለች። «መኪናህን በዚያ መንገድ ፈትናት።»

ጋሽ ሊትር በትዕግሥት አስረዳት። የእህቷ መንገድ ዳገት አለው፤ አሥራ አንዱ መኪኖች የተፈተኑት በሜዳ ነው፤ ይቺኛዋን በዳገት ቢፈትናት ከማን ጋር ያወዳድራታል? አንድ ቅዳሜ ብቻ፣ ይህን ውጤት ካገኘ በኋላ፣ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ . . .

«አሥር ጊዜ አርባ አርባ ኪሎ ሜትር ሄጃለሁ» አለች ድምፅዋን ሳታነሳ። «አንድም ቦታ አልደረስኩም።»

«ያላንቺ እኮ ጭነቱ ይጎድላል።»

«በእኔ ፋንታ ውሃ ጫን» አለችውና ወደ ውስጥ ገባች።

ሌላ ሰው ቢሆን ይህ ንግግር ምን ማለት እንደሆነ በገባው ነበር። ለጋሽ ሊትር ግን ጥሩ ሐሳብ ሆኖ ታየው፤ እንዲያውም ቀደም ብሎ ስላልመጣለት ራሱን ወቀሰ። ሦስት ጄሪካን ሞላ፣ ስልሳ ሊትር። በላዩ ሦስት ባለ አንድ ሊትር ጠርሙስ ጨመረ። የኋላ ወንበር ላይ በሚስቱ ቦታ ደረደራቸው፤ እንዳይወድቁም የወንበሩን ቀበቶ አሰረላቸው። ለሚስቱ አንድ ቀን እንኳ ቀበቶ አስሮላት አያውቅም።

የቀለበቱን መንገድ ይዘው ጥቂት እንደሄዱ ዳቦ ጋጋሪው ዞር ብሎ ወደ ኋላ አየ።

«እትዬ አይመጡም እንዴ ጋሼ?»

ጋሽ ሊትር ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ ነገሩን ከሥሩ ጀምሮ አስረዳው፤ የእህትየውን ዓይን፣ የሚስቱን ወገብ፣ አውቶቡሱን፣ የጡረታውን አርባ ሊትር፣ ዳገቱን፣ ሁለት መቶ አሥር ኪሎውን። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ለባለሱቆች ሚዛናቸው ለምን እንደሚታሸግ ሲያስረዳ የኖረ ሰው ነው፤ ማስረዳት ያውቅበታል። የዛሬው ግን እንግዳ ሆነበት። እያንዳንዱ ነገር ለብቻው ሲነገር ልክ ነው፤ አንድ ላይ ሲደመር ግን ድምሩ እምቢ አለ። መሐል ላይ ድምፁ ቀነሰ።

ዳቦ ጋጋሪው «እኔ ሊጥ ነው የማውቀው ጋሼ፣ የእርስዎን ሳይንስ አላውቀውም» አለ። «ግን መኪናዋን ከገዙ በኋላ ኋላ የሚቀመጡት እትዬ ናቸው ወይስ ጄሪካኖቹ?»

ጋሽ ሊትር በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ። ሦስቱ ቢጫ ጄሪካኖች በቀበቶ ታስረው፣ ክዳናቸውን አጥብቀው፣ እንደ ጨዋ ሴት ጸጥ ብለው ተቀምጠዋል። ምንም አይሉም፤ «ላሽግልህ?» አይሉም። ሌላ ጊዜ እዚህ መታጠፊያ ላይ ስትደርስ ወገቧን በእጇ ደገፍ አድርጋ ወደ ግራ ጋደል ትላለች። ይህን አሥር ጊዜ በመስታወት ሲያየው ጭነት ወደ ግራ ማጋደሉን ነበር ደብተሩ ላይ የጻፈው።

የመጀመሪያው ዙር እኩሌታ ላይ መሪውን ጠምዝዞ ተመለሰ። ዳቦ ጋጋሪው የሰውየው እግር እንዲህ ነዳጅ መርገጥ መቻሉን በማየቱ የመስኮቱን እጀታ ያዘ።

በሩ ተቆልፏል። አጥሩ ጥግ የሚሠራው ጫማ ሰፊ ቀና ብሎ፣ እትዬ ዣንጥላና ትራስ ይዘው ወደ አውቶቡስ ተራ መሄዳቸውን ነገራቸው። ትራሱ ለወገቧ መሆኑን ጋሽ ሊትር ወዲያው አወቀ። ጄሪካኖቹን አንድ በአንድ አውጥቶ አጥሩ ሥር ገለበጣቸው። ውሃው የጫማ ሰፊውን በርጩማ ዞሮ ወደ መንገዱ ወረደ።

«ጋሽ ሊትር ሳይለካ ሲደፋ አየሁ» አለ ጫማ ሰፊው፤ «ለልጅ ልጆቼ እነግራለሁ።»

አውቶቡስ ተራው ሰው አፍኖታል። ሚስቱን ያገኛት ረጅም ሰልፍ መሐል፣ ትራሷን እንደ ሕፃን ታቅፋ ነው። አየችው፤ ዓይኗን መልሳ ከፊቷ ባለው ሰው ጀርባ ላይ አደረገች። አጠገቧ ሄዶ ቆመ። በካልሲው መሆኑን ያኔ ነው ያስተዋለው፤ ጫማውን መኪና ውስጥ ትቶታል። ሰልፉ አንድ እርምጃ ሄደ፤ እሱም አብሮ አንድ እርምጃ ሄደ።

«ውሃው የት ሄደ?» አለች በመጨረሻ።

«ደፋሁት።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ሰልፉ አንድ ጊዜ ደግሞ ተንቀሳቀሰ። እሷ ግን አልተንቀሳቀሰችም። መጀመሪያ ትራሱን አስያዘችው፣ ከዚያ ዣንጥላውን፣ ከዚያ ክንዱን ይዛ ወጣች።

የዳገቱ መንገድ እንደተፈራው ነበር። ነጯ መኪና በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች ወጣች፤ ጋሽ ሊትርም አብሯት አቃሰተ። ሚስቱ መስኮቱን ከፈተችው፤ መስኮት ሲከፈት መኪና አብዝቶ እንደሚጠጣ ሊናገር አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ዳቦ ጋጋሪው ስለ እርሾ እያወራ ሄደ። ማንም አላቋረጠውም።

እህትየው መስኮቱ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። የበሩን ድምፅ ሰምታ ራሷን ዘወር አደረገች፤ ፊት ለፊት ያለውን ስለማታይ እንደ ዶሮ አንገቷን ጠመም አድርጋ በዓይኗ ጠርዝ ነው የምታየው። «ማነው?» አለች።

«እኔ ነኝ እታለም።»

እህትየው እጇን ዘርግታ ታናሽዋን ወደ መስኮቱ ሳበቻት። ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ እያዞረች፣ አንገቷን እያጠማዘዘች፣ ረጅም ጊዜ አየቻት። ከጎን ያለው መሰንጠቂያ ቅዳሜ ስለሆነ ዝም ብሏል።

«አርጅተሻል» አለች እህትየው።

«አንቺ ቆንጆ ሆነሻል ብልሽ በምን ታያለሽ?» አለች ታናሽዋ፣ ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ቶሎ አላቆመም፣ እያቆመም መልሶ ይነሳል። ታላቂቱ በዚህ መሐል ከታናሽዋ ግንባር ጠባሳ ጀምራ ማየቷን ቀጠለች፤ ጠባሳው ልጅ ሆነው ከዛፍ ስትወድቅ የመጣ መሆኑን፣ ገፍታ የጣለቻትም ራሷ መሆኗን ለዳቦ ጋጋሪው ነገረችው። ዳቦ ጋጋሪው ለማያውቃቸው ሰዎች እንባ ሲመጣበት አፍሮ የዱቄት ነገር ነው ብሎ ዓይኑን ጠረገ።

«ቅዳሜም ትመጫለሽ?» አለች እህትየው። «ዛሬ ግማሽሽን ነው ያየሁሽ። ግራ ጎንሽ ቀርቷል።»

ሚስትየው ባሏን ሳታይ የእህቷን ቀሚስ እጥፋት ማስተካከል ጀመረች። ከአሥር ጊዜ በላይ የሰማችውን ማረጋገጫ ለእህቷ ማቀበል አልፈለገችም።

«እንመጣለን» አለ ጋሽ ሊትር ከበሩ።

«በምን?» አለች እህትየው፤ የቤተሰቡን ወሬ በስልክ በደንብ ታውቃለች።

«በር ላይ ባለችው። በነጯ።»

ዳቦ ጋጋሪው ደንግጦ ተነሳ። ደላላው ሳምንቱን ሙሉ ሲያሠለጥነው ነበር፤ ይህ ሰውዬ ይከራከርሃል፣ ቢያንስ ሦስት ቀን ይፈጅብሃል፣ ስለዚህ የመጀመሪያውን ዋጋ ከፍ አድርገህ ተነሳ ብሎታል። አሁን ጋሽ ሊትር ወደ በረንዳው ይዞት ወጥቶ ስንት እንደሆነች ሲጠይቀው፣ ያንኑ የተነፋውን ዋጋ ጠራና ክርክር ሲጠብቅ ጋሽ ሊትር «እሺ» ብሎ እጁን ዘረጋለት። ዳቦ ጋጋሪው እጁን ጨብጦ ሌሊቱን እንቅልፍ እንደማይወስደው አወቀ። ወዲያው ከገዛ አፉ ትንሽ ቀነሰ፤ መለዋወጫ ጎማም ጨመረ፤ እሱም አልበቃ ሲለው ለአንድ ወር ዳቦ ቃል ገባ። በገዢው ፋንታ ከራሱ ጋር እየተከራከረ ዋጋ ሲያወርድ ያየው ሰው ቢኖር አብዷል ይል ነበር።

ሲመለሱ ሚስትየው ትራሷን ወገቧ ሥር አድርጋ እንቅልፍ ወሰዳት። ከተማው መግቢያ ላይ ያለው ማደያ ሲደርሱ ጋሽ ሊትር ቆመ። ነዳጅ ቀጂዎቹ እሱ መሆኑን ሲያዩ ተሰለፉ፤ «ዛሬ ለሥራ አይደለም» አላቸው። ቢሆንም አመል ነውና ታንከሩን እስከ አንገቱ አስሞላ፤ የኪሎ ሜትሩን ቁጥር አነበበ፤ ደብተሩን አወጣ። ዘጠና ሁለት ኪሎ ሜትር፣ ሰባት ሊትር። ደብተሩን ዘግቶ ኪሱ ከተተና ማንም እንዳላየው ሆኖ ገባ።

«ስንት ሆነች?» አለች ሚስቱ ዓይኗን ሳትገልጥ።

ደብተሩ ያለበትን ኪስ ዳበሰ። «በሊትር አሥራ ሦስት።»

«ከአሥራ ሁለቱ ስንተኛ ናት?»

«ዳገቱን አስቢ እንጂ . . .»

«ስንተኛ?»

«መጨረሻ» አለ ጋሽ ሊትር።

ዳቦ ጋጋሪው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሚስቱን በመስታወቱ ሲያያት ከንፈሯ ጥግ ላይ አንድ ነገር ይንቀሳቀሳል። ሞተሩን አስነሳና ከማደያው ወጣ።

«ቅዳሜ በስንት ሰዓት እንነሳ?» አለች።

«አሥራ ሁለት ተኩል ላይ» አለ። «የእህትሽ መስኮት በምሥራቅ በኩል ነው። ዛሬ እኛ ስንደርስ ብርሃኑ ከተቀመጠችበት ወንበር ወርዶ ወለሉ ላይ ደርሶ ነበር።»